ወደ ኋላ የሄደው ጀልባ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ የጎረቤቱን ጣሪያ ገና ሳታልፍ፣ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ መካኒኩ፣ የመካኒኩ ሚስትና የመካኒኩ ታናሽ ወንድም። ባልና ሚስቱ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ነበሩ። ታናሽየው ሳሎን ውስጥ፣ ቀን ሶፋ ማታ አልጋ በሚሆነው ዕቃ ላይ ተጋድሞ ነበር። በሁለቱ ክፍሎች መካከል በር የለም፤ መጋረጃ ነው ያለው። መጋረጃ ደግሞ ዓይንን ይጋርዳል እንጂ ጆሮን አይጋርድም።

«ሌላ ጠይቂኝ» አለ መካኒኩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምን ልጠይቅህ? ተኛ በቃ፤ ገና ነው።»

«ጠይቂኝ አልኩሽ እኮ።»

ሚስትየዋ በረጅሙ ተነፈሰች። «ትናንት ራት ምን በላን?»

«እኔ ምንም። አንቺ የምሳውን ትራፊ አሞቅሽና ብቻሽን ቀመስሽ። ወንድሜም አልበላም።»

«ልጃችን ያገባችው በምን ቀን ነው?»

«እሑድ። ዝናብ ነበር። ያንቺ አክስት አንድ እግር ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀረ።»

ሚስትየዋ ሳታስበው ሳቀች። «አየህ? የአክስቴን ጫማ ከእኔ ይልቅ አንተ ታስታውሳለህ። ታዲያ ምን ሆንኩ ነው የምትለው?»

«አባቴም የድሮው አልጠፋበትም ነበር» አለ። «መጀመሪያ የጠፋበት የትናንቱ ነው።»

ታናሽየው ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ጣሪያው ላይ አፈጠጠ። አባታቸው ከመሞቱ በፊት ልጆቹን መለየት አቅቶት ነበር። ታላቅ ልጁን «አንተ ሹፌር» እያለ ይጠራና ወዴት እየወሰደው እንደሆነ ይጠይቀው ነበር። ያን ጊዜ ታናሽየው ትንሽ ልጅ ስለነበረ ነገሩ ያስቀው ነበር። አባቱን ያጠበ፣ ያጎረሰ፣ ከየመንገዱ ፈልጎ እጁን ይዞ የመለሰ ታላቅየው ነው። አባታቸው ከሞተ በኋላም ታናሹን ያሳደገ፣ ያስተማረ፣ አሁን የሚሠራበት ቦታም ያስገባው እሱ ነው። ያ ሰው አሁን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሚስቱን ጠይቂኝ ይላል። ለዚህ ያበቃው ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ትናንት ከአፉ ያወጣት አንዲት አጭር መልስ ናት።

ወንድማማቾቹ የሚሠሩት ሐይቁ ዳር ካለ የጀልባ መሥሪያ ውስጥ ነው። ሐይቁን አረም ወርሶታል። ውሃ ውስጥ የሚዞር ፕሮፔለር ትንሽ ሳይሄድ በአረም ይተበተባል፤ ስለዚህ መሥሪያው ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ከኋላው ደግሞ አየር የሚገፋ ትልቅ ፕሮፔለር በሽቦ ማዕቀፍ ውስጥ የተተከለለት ጀልባ መሥራት ጀመረ። የመጀመሪያውን ያዘዘው የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ነው፤ ጎርፍ ሲመጣ ሰው ሊያወጣበት። ሞተሩንና ፕሮፔለሩን የሚገጥመው ታላቅየው ነው። ፕሮፔለሩን ኮምፒውተር ላይ የነደፈው ታናሽየው ነው። ማዕቀፉን የበየደው የመሥሪያው በያጅ ታናሽየውን «ማስመሪያ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ ሻይ እንኳ ሲጠጣ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ካላስተካከለ አይውጥለትም እያለ።

ንድፉ ወራት ፈጅቶበታል። የፕሮፔለሩን ክንፍ እንደ ዳቦ ከመሐል እምብርቱ እስከ ጫፉ በሐሳቡ ቆራርጦ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ሣለው። ቁራጩ ከጎን ሲታይ ዓሣ ይመስላል፤ ግንባሩ ደልደል ያለ፣ ጅራቱ የሳሳ። እምብርቱ አጠገብ ክንፉ ወፍራም ነው፣ ቀና ብሎም ይቆማል፤ ወደ ጫፉ ሲሄድ እየሳሳና እየተኛ ይሄዳል። ጫፉ በአንድ ዙር ረጅሙን መንገድ የሚሮጥ ስለሆነ እንደ እምብርቱ ቀና ልበል ቢል አየሩ ይበታተንበታል እንጂ አይገፋለትም። ታናሽየው ቁራጮቹን ደርድሮ ኮምፒውተሩን ቆዳ አልብሳቸው ሲለው፣ ከባዶ መስመር ላይ ለስላሳ ክንፍ ሲወጣ ባየ ቁጥር ደስ ይለው ነበር። ከዚያ ንፋስ ለቀቀበት። ንፋሱ በስክሪኑ ላይ በቀለም ይታያል፤ የሚበታተንበት ቦታ ይቀላል። ቀዩ እስኪጠፋ ድረስ አንዱን ቁራጭ ሲያቀና ሌላውን ሲያስተኛ ከረመ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ውስጥ ጀልባው ወደፊት ገፋ፤ አሳምሮ ገፋ። ኮምፒውተር ግን ፕሮፔለርን የሚያዞረው ሰው አዙር ባለው በኩል ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጀልባው ሐይቁ ላይ ወረደ። የደንብ ልብስ የለበሱ እንግዶች ከዳሩ ወደ ውሃው በተዘረጋው የእንጨት መድረክ ላይ ቆመው ነበር። የመሥሪያው ባለቤት፣ ሁሉም «አለቃ» የሚለው ሰው፣ የሠርግ ኮቱን ለብሶ ነበር። ሞተሩ ተነሣ። ንፋሱ ከሹፌሩ ጀርባ መጥቶ ባርኔጣውን ነጠቀና ከፊቱ ሐይቁ ላይ ጣለው። ወደ ኋላ መንፈስ የነበረበት ንፋስ ነው። ከዚያ ጀልባው ወደ ኋላ ሄደ። ቀስ ብሎ፣ እንደሚያፍር ሰው፣ ወደ መድረኩ አፈግፍጎ የሽቦውን ማዕቀፍ እንግዶቹ እግር ሥር ገጨው። አንደኛው እንግዳ ሳቀ፤ ሌሎቹ እሱን አይተው ሳቁ።

ታናሽየው ያኔውኑ ገባው። የሞተሩ ፋብሪካ «ወደ ቀኝ ይዞራል» ያለው ከጀልባው በስተኋላ ቆሞ ለሚያየው ሰው ነው። እሱ ግን ሲነድፍ በሐሳቡ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን አዙሮ ነበር ሞተሩን የሚያየው። ከኋላ ለቆመ ሰው ቀኝ የሆነው ከወንበሩ ዞሮ ለሚያይ ግራ ነው። የግራ ፕሮፔለር ነድፎ ለቀኝ ሞተር ሰጠ። ይህን በልቡ ተናግሮ ሳይጨርስ አለቃ ታላቅየው ላይ ጮኸ። ገልብጠህ ነው የገጠምከው፣ ፊቱን ወደ ኋላ አድርገህ ነው፣ አለው። አለቃ ወደ ታናሽየው ዞረ። «አንተ የተማርክ ነህ። ገልብጦት ነው አይደል?»

«ሊሆን ይችላል» አለ ታናሽየው።

ሊሆን አይችልም። በዓለም ላይ ማንም ፕሮፔለርን ገልብጦ በመግጠም ጀልባን ወደ ኋላ አስኪዶ አያውቅም። የተገለበጠ ፕሮፔለር ይደክማል እንጂ አቅጣጫ አይቀይርም። ይህን እዚያ ከቆሙት ሰዎች የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም «ሊሆን ይችላል» ያለው ሰው ነው። ታላቅየው በኀፍረት ዘሎ ጀልባው ላይ ወጣና ማንም ቀርቦ ሳያይ ፕሮፔለሩን ፈታው። ስለዚህ እንዴት ተገጥሞ እንደነበር ምስክር የለም። የቀረው የታላቅየው ትዝታ ብቻ ነው፤ እሱም ትዝታውን አላመነውም።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ሻይና ዳቦ ነበር። ሚስትየዋ ዳቦውን እያገላበጠች ዋጋው ሳይቀንስ እሱ እንዴት እንደቀነሰ ተናገረች፤ በቅርቡ እንደ ክኒን በውሃ እንውጠዋለን አለች። ማንም አልሳቀላትም። ታላቅየው ስኳር ጨምሮ አማሰለ፣ ብርጭቆውን አየው፣ ከዚያ ሚስቱን አየ። ስኳር ጨምሬያለሁ ወይ ብሎ ሊጠይቅ ነበር፤ ግን ቀምሶ አረጋገጠ። ታናሽየው ይህን አየ። አሁን እናገራለሁ ብሎ አሰበ፤ ሻዩን ጠጣ፤ አውቶቡስ ላይ እናገራለሁ ብሎ አሰበ፤ አውቶቡስ ላይ ደግሞ ሰው ሞልቶ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእሱ ግን አንድ ሌሊት አድሮ ከበደ።

መሥሪያው በር ላይ በያጁ የተጣመመውን ማዕቀፍ በመዶሻ እያቃና ነበር። ሲያያቸው ቀና አለ።

«ኧረ በጀርባችሁ ግቡ» አለ። «እዚህ ቤት ከትናንት ጀምሮ ደንቡ እሱ ነው።»

ታላቅየው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሥራህን ሥራ አንተ።»

«እየሠራሁ ነው ወንድሜ። የእሳት አደጋ ሰዎች ጀልባውን ወደውታል አሉ። ከእሳት ለመሸሽ ይሆነናል ብለዋል። ማስመሪያ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

ማስመሪያ ለወትሮው በያጁ ሲቀልድ አንገቱን ሰብሮ ይስቅ ነበር፤ ዛሬ አንገቱን ብቻ ሰበረ።

አለቃ የሰጠው ትእዛዝ ግልጽ ነው። ታላቅየው ፕሮፔለሩን ዛሬ አስተካክሎ ይገጥማል፣ በያጁ ከላዩ ቆሞ ያያል፣ ከዚያ ያለ እንግዳ እንደገና ይሞከራል። ታናሽየው ይህን ሰማ። እንዴትም አድርገው ቢገጥሙት ጀልባው እንደገና ወደ ኋላ ይሄዳል። ያኔ አለቃም ሆነ በያጁ ገጣሚውን ትተው ነዳፊውን ያያሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ጊዜ ሮጦ ይናገር ነበር፤ ታናሽየውም እግሩ ወደ አለቃ ቢሮ ጀምሮለት ነበር። ግን ከትናንት ጀምሮ ያልተናገረው ነገር ራሱ ሌላ ጥፋት ሆኗል። ስህተቱን ብቻ ቢሆን ይናገር ነበር። «ሊሆን ይችላል» ያለውን ግን በምን አፉ ይናገራል? እግሩ ቢሮውን አለፈና ወደ ዕቃ ግምጃው ወሰደው።

ፕሮፔለሩ እዚያ፣ ሸራ ለብሶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከተጣበቀ ሳንቃ በማሽን የተቀረጸ፣ በቫርኒሽ የሚያብረቀርቅ ነው። ታናሽየው ሸራውን ገለጠና እጁን ክንፉ ላይ አሳለፈ። ውብ ነው። ቢሳሳትም ውብ ነው። በሩን መለስ አደረገ። የክንፉን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ባለው፣ ዕቃ ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ውስጥ አስገባ፣ እጀታውን ያዘ፣ ማጥበቅ ጀመረ። እንጨቱ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ ደረቅ ማገዶ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ሞርሳውን ፈታ። ጫፉ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወጣች። የሞርሳው ጥርስ የተወውን ምልክት በእጅጌው ጠረገው፤ አልጠፋ ሲለው በአሸዋ ወረቀት ፈቀፈቀው። ከዚያ አለቃን ጠራ።

«ስንጥቅ አለው» አለ። «ተገልብጦ ሲዞር ጫፉ ላይ ጫና መጥቶበት ነው። እንዲህ ሆኖ ቢሞከር ተገንጥሎ ሰው ይገድላል። አዲስ እንቅረጽ።»

አለቃ ጎንበስ ብሎ ስንጥቋን አያት። ሰው ይገድላል ከተባለ ማንም አይከራከርም። ታላቅየው ከኋላቸው ቆሞ ነበር። መነጽሩን አወጣ፣ አደረገ፣ በአውራ ጣቱ ስንጥቋን ዳሰሳት።

«ይቺንም እኔ ነኝ?» አለ።

ታናሽየው የሞርሳውን እጀታ ያይ ነበር።

አለቃ ክፉ ሰው አይደለም። ታላቅየውን ወደ ዳር ወስዶ፣ ትከሻውን ይዞ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የነገረው። ደክሞሃል፣ ስንት ዓመት አገልግለሃል፣ ከሰኞ ጀምሮ ቀለም ክፍል ሁን፣ እዚያ ጥድፊያ የለም፣ አለው። ታላቅየው ራሱን ነቀነቀ። አልተከራከረም። ቢከራከር፣ ቢሳደብ፣ መፍቻ ቢወረውር ታናሽየው ምናልባት ትንሽ ይቀለው ነበር።

አዲሱን ለመቅረጽ ንድፉ መገልበጥ ነበረበት። ታናሽየው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ነገር እንደ መስታወት የሚገለብጥ ትእዛዝ አለ፤ ግራ እጅን ቀኝ እጅ ያደርጋል። ፕሮፔለሩን መረጠ፣ ጠቋሚውን ምልክቱ ላይ አሳረፈ፣ ተጫነው። ስክሪኑ ዓይን ሳይጨፈን ተቀየረ። ክንፉ ያው ክንፍ ነው፤ ግንባሩ፣ ጅራቱ፣ ውፍረቱ፣ መሳሳቱ ሁሉ ያው ነው። የሚዞርበት ብቻ ተለወጠ። ይህችው ነበረች። ወንድሙን ከሞተር ክፍል ያስወጣች፣ አባታቸውን ከመቃብር ቀስቅሳ መኝታ ክፍል ያስገባች ይህች አንዲት ጣት የምታክል ሥራ ናት።

«ሥራ አስፈታሁህ?» አለ ታላቅየው በሩ ላይ ቆሞ።

«የለም ጋሼ። ግባ።»

ታላቅየው ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። እጁን ታጥቧል፤ የሳሙናው ሽታ ከቅባቱ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ መጣ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ትምህርት ቤት እንደገባ ሰው።

«እስቲ አሳየኝ» አለ። «የቱ ነው ፊቱ፣ የቱ ነው ጀርባው? እኔ ከእንግዲህ አልገጥምም። ግን የት ላይ እንደሳትኩ ሳላውቅ ቀለም መቀባት አልችልም።»

ታናሽየው ማውዙን ያዘ። ፕሮፔለሩ ስክሪኑ ላይ ዞረ። የጎበጠውን በኩል አሳየው፣ የተኛውን በኩል አሳየው። የጎበጠው ወደ ሞተሩ፣ የተኛው ወደ ውጭ፣ አለው። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስለው ነበር።

«የጎበጠው ወደ ሞተሩ» አለ ታላቅየው። «እኔም እንዲሁ አድርጌ የገጠምኩ ይመስለኛል። እጄን የተኛው ላይ አድርጌ፣ ውጭ ቆሜ፣ ዳዶውን ሳጠብቅ ይታየኛል። ፀሐይዋ ሳይቀር ትታየኛለች።» ዓይኑን ከስክሪኑ አነሣ። «አባባም ሱቅ ደርሼ መጣሁ ይል ነበር። ትዝ ይልሃል? መንገዱን ሁሉ ይተርክልን ነበር፤ ከወንበሩ ሳይነሣ።»

«ጋሼ...»

«ግድ የለም፤ ሰው ያረጃል።» እጁን ኪሱ ከተተና የመሣሪያ ሣጥኑን ቁልፍ አወጣ። የሣጥኑን ቁልፍ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም፤ በያጁ ካቻቪቴ እንኳ ሲዋስ ራሱ ከፍቶ ነው የሚሰጠው። «አንተ ያዝልኝ። እኔ ጋ ቢሆን አንድ ቀን የት እንዳስቀመጥኩት ይጠፋኛል።»

ታናሽየው ቁልፉን ተቀበለ። ቁልፉ ከታላቅየው ኪስ ስለወጣ ሞቃት ነበር።

ቅዳሜ ሥራው ግማሽ ቀን ነው። ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡሱ ባዶ ስለነበረ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዋጋ ጨምሯል ተብሎ ከሾፌሩ ጀርባ ወረቀት ተለጥፏል፤ አንዲት ሴትዮ ጨመረ የሚሉት ወንበሩን ለወጡት ወይ እያለች ብቻዋን ትነጫነጫለች። ታላቅየው በመስኮት እያየ በለሆሳስ ይናገር ነበር። ታናሽየው መጀመሪያ አልሰማውም። ኋላ ጆሮውን ሲያዘነብል ምን እንደሚል ገባው። «አሁን መድኃኒት ቤቱ» ይላል፤ መድኃኒት ቤቱ ይመጣል። «አሁን ትምህርት ቤቱ፣ አጥሩ አረንጓዴ ነው።» ትምህርት ቤቱ ይመጣል፤ አጥሩ አረንጓዴ ነው። «ቀጥሎ ደረጃው።» እያንዳንዱ ሲደርስ ዞር ብሎ ታናሹን ያየዋል፤ ትክክል የመለሰ ተማሪ አስተማሪውን እንደሚያይ። ታናሽየውም ራሱን ይነቀንቅለታል። ልክ ነህ፣ ልክ ነህ፣ ልክ ነህ። እስከ ቤታቸው ድረስ እንዲሁ ሄዱ። ኪሱ ውስጥ ቁልፉ ጭኑን ይወጋው ነበር።

ቤት ሲደርሱ ሚስትየዋ ምሳ አቅርባ ጠበቀቻቸው። ታላቅየው እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲወጣ ወደ ታናሽየው ጠጋ አለች።

«ሰኞ ሐኪም ጋ ልወስደው ነው» አለች። «ጎረቤታችን ነርሷ ወረፋ ይዛልኛለች። አንተ አብረኸው ትውላለህ፤ ሌላም የረሳው ነገር አለ? አትደብቀኝ። እኔ የአባታችሁን ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። ከአሁኑ ልወቀው።»

ታናሽየው አያት። ዓይኗ ሥር ያልተኛ ሰው ጥቁረት አለ። «እትዬ» አለ። ታላቅየው ገባ፣ ተቀመጠ፣ ጠረጴዛው እንደ ልማዱ ተነቃነቀ። ያ ጠረጴዛ አንድ እግሩ ተሰብሮ ታላቅየው በብሎን አስሮት ነው የቆመው።

ታናሽየው ከወንበሩ ተነሥቶ ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከ።

«ምን ወደቀብህ?» አለች ሚስትየዋ።

የብሎኑን ዳዶ በጣቱ ሞከራት፤ ከበደችው። ጥርሱን ነክሶ ፈታት። እንደተንበረከከ እጁን ዘርግቶ ለወንድሙ ሰጠው፤ ብሎኑንም ነቅሎ ሰጠው። ጠረጴዛው አንድ ጎኑ ዘመመ፤ ሚስትየዋ ሳህኑን ያዘች።

«ጋሼ፣ ግጠማት።»

«ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?»

«ግጠማት፤ አንድ ጊዜ።»

ታላቅየው ግራ ገብቶት ዳዶዋን ብሎኑ ላይ አደረገ፤ ወደ ቀኝ አዞራት፤ ገባች።

«አሁን ፍታትና ገልብጣት። ፊቷን ጀርባ አድርገህ ግጠማት።»

ታላቅየው ፈታት፣ ገለበጣት፣ አዞራት። ወደ ቀኝ ዞራ ገባች። እንደገና ፈታት፤ እንደገና ገለበጣት። ጣቶቹ ያለ እሱ ፈቃድ የሚሠሩ ይመስል ነበር። ገባች።

«ብትገለበጥም ያው ናት» አለ ታናሽየው ከታች። «ፕሮፔለርም እንደዚያው ነው። ብትገለብጠው ይደክማል እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም። ወደ ኋላ የሄደው ስለተገለበጠ አይደለም። እኔ ነኝ የግራ አድርጌ የነደፍኩት። አንተ የነገርኩህን አድርገህ ነው የገጠምከው። ፀሐይዋም የታየችህ ልክ ነው።»

ታላቅየው ዳዶዋን አየ። ከዚያ ፊቱ ቀስ በቀስ ተፈታ፤ ከትናንት ጀምሮ ማንም ያላየው ፊት ተመልሶ መጣ። ሳቀ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ።

«ሰማሽ?» አለ ሚስቱን። «አልረሳሁም እኮ። የጎበጠውን ወደ ሞተሩ። ልክ ነበርኩ። ከእንግዲህ እንዳትጠይቂኝ፤ ነርሷንም ወረፋውን ለሌላ ስጪ በያት።»

ቁጣ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ታናሽየው ዱላ ጠብቆ ነበር፤ ይህን ሳቅ ግን አልጠበቀም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሚስትየዋ አልሳቀችም። ሳህኑን በሁለት እጇ እንደያዘች ነበር። «መቼ ነው ያወቅኸው?» አለች።

«ትናንት። እዚያው።»

«ጠዋት እኔና እሱ ስንነጋገር ሰምተሃል?»

ታናሽየው ወለሉን አየ። «ሰምቻለሁ።»

«ሰምተህ ሻይህን ጠጥተህ ወጣህ።»

የታላቅየው ሳቅ ቀስ ብሎ ቆመ። አውራ ጣቱን ሌባ ጣቱ ላይ አሸት አሸት አደረገ፤ ስንጥቋን የዳሰሰበትን ጣት።

«ስንጥቋስ?» አለ።

ታናሽየው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጠረጴዛው ዘምሞ ስለነበረ ቁልፉ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። አንሥቶ ለወንድሙ እጁ ላይ ሰጠው።

«እሷም እኔ ነኝ» አለ። «በሞርሳ።»

ታላቅየው ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ራሱ ጠረጴዛው ሥር ገባና ታናሹን በክንዱ ገፋ አድርጎ ብሎኑን በቦታው መለሰ፣ ዳዶዋን አጠበቀ። ወጥቶ ጠረጴዛውን ነቀነቀ፤ ቆሟል። ተመልሶ ጎንበስ አለና ዳዶዋን እንደገና ሞከራት። ሚስትየዋ ሳህኑን አስቀመጠች። ሦስቱም ተቀመጡ፤ ባልና ሚስቱ በሉ።

ሰኞ ታናሽየው ለአለቃ ሁሉንም ነገረ፤ ሞርሳውን ጨምሮ። አለቃ «ወንድምህን ከቀለም ክፍል ጥራው» ብቻ አለው። አዲሱ ፕሮፔለር ተቀርጾ ተገጠመ፤ ጀልባው ወደፊት ሄደ፤ እንግዶቹም ተረከቡት። በያጁ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታናሽየውን ማስመሪያ ብሎ አልጠራውም፤ ሌላ ስምም አላወጣለትም። ታላቅየው ደግሞ ፕሮፔለር በገጠመ ቁጥር የመጨረሻዋን ዳዶ ሳያጠብቅ መፍቻውን ያስቀምጥና «እስቲ ና እየው፤ ልክ ነው?» ብሎ ሰው ይጠራል። የሚጠራው ታናሽ ወንድሙን ነው። ታናሽየው ከኮምፒውተሩ ይነሣል፣ ይመጣል፣ ያያል፣ «ልክ ነው ጋሼ» ይላል። ከዚያ ታላቅየው ያጠብቃል።